ማክሰኞና ሐሙስ የገቡ ፋይሎች

ልጅ ሆኜ ሁለት ደቂቃ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ቆሜ እበላለሁ፣ የቤት ሥራዬን አልጋ ላይ እየዘለልኩ እሠራለሁ፣ እናቴ ፀጉሬን ስትጎነጉነኝ በሁለት ጉልበቶቿ መሃል ጠፍንጋ ካልያዘችኝ ግማሹን ሳትጨርስ አመልጣታለሁ። አባቴ «ቁንጫ» ብሎ ጠራኝ፤ ቁንጫ ሆኜ ቀረሁ። በዚያን ዘመን ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ ነገር ቢኖር አባቴ ሱቅ ጥግ ላይ የነበረው ሦስተኛው ኮምፒውተር ብቻ ነው። እሱን ሊነጥቁኝ ሲሉ ያደረግሁትን ነገር «ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ» እያልኩ ልተወው ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ። እምቢ አለኝ። ስለዚህ ልናገረውና ይውጣልኝ።

አባቴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሦስት ደንበኛ ከገባ አራተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከፊት ባንኮኒውና የፎቶ ኮፒ ማሽኑ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት የመጻፊያ ኮምፒውተሮች፣ ከኋላ በስስ ጣውላ የተከለለች የወረቀት ጓዳ። ሦስተኛው ኮምፒውተር ጣውላው ሥር ነው፣ ከመጠረዣው ማሽን ጀርባ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ቤት ስታሰናዳ እግሯ ሥር እንዳልርመሰመስባት አባቴ ይዞኝ ይሄዳል። ቁመቴ ስለማይደርስ ሁለት እሽግ ወረቀት ወንበሩ ላይ ደርቦ እላዩ ላይ ያወጣኛል። የሞቀ ወረቀት ይሸታል፣ መታወቂያ የሚለበጥበት ፕላስቲክ ይሸታል፣ አባቴ ባለፈ ቁጥር አናቴን በእስክሪብቶው መታ ያደርገኛል። በሌላው ቀን ቤት የሚመጣው ደክሞ ነው፤ ራቱን ቀማምሶ ዜና እያየ ያንቀላፋል። አባቴን አባቴ ሆኖ የማገኘው ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከምጫወተው ጌምም በላይ የምሳሳለት ለዚያ ነው።

ጌሙ ከተማ መሥራት ነው። መንገድ እዘረጋለሁ፣ ቤት እተክላለሁ፣ ውሃ አስገባለሁ፣ ሰዎቹ ራሳቸው መጥተው ይኖሩበታል። ግን ጌሙ ይዞት የመጣው የቤት ዓይነት ጥቂት ስለሆነ ከተማዬ ሁሉ አንድ መልክ ሆነብኝና ሰለቸኝ። ሲሰለቸኝ ደግሞ ሱቁ ሰላም አያገኝም። መላውን ያመጣው ዶክተር ነው። ዶክተር ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ አባቴ ጋ የሚሠራ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ ቀጭን፣ ብሎን መፍቻ ከጆሮው ጀርባ የማይጠፋ ወጣት። የታመመ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው ስሙ የወጣለት። እሱ እንዳለኝ ሌሎች ሰዎች ሠርተው የሚለቋቸው ተጨማሪዎች አሉ፤ ሞድ ይባላሉ። በፍላሽ አምጥቶ ፕላጊንስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ሲገለብጣቸው ከተማዬ ዛፍ አበቀለ፣ ባለ ቀይ ጣሪያ ቤት አገኘ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጌሙ ድርቅ አለ። ከፈትኩት፣ መጫኛው መስመር ግማሽ ድረስ ሄደና ቀጥ። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፣ ያው። ኪቦርዱን ስደበድብ ዶክተር መጣና ፎልደሩን ከፍቶ ገና ሲያየው «እህ» አለ። ያ የዛፍ ሞድ ሁለት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱ በምናውቀው ስሙ፣ ሌላው ሌላ ስም ተሰጥቶት። ጌሙ ሲነሳ ፎልደሩን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ ያው ዛፍ ሁለት ጊዜ ሲመጣበት የቱን እንደሚተክል ግራ ይገባዋል አለኝ። ከዚያ እንዴት እንደሚለይ አስተማረኝ። ስሙን አትመኚ፣ መጠኑን እዪ፤ መጠናቸው እስከ መጨረሻዋ ቁጥር እኩል ከሆነ አንድ ናቸው። ቀጥሎ የገቡበትን ቀን እዪ። ወዲያው አታጥፊ፤ አንዱን አውጥተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪና ጌሙን ሞክሪው። ደህና ከሆነ ያኔ አጥፊ። አራት ነገር ነው የነገረኝ፤ እኔ የያዝኩት አንዱን ነው፣ «አጥፊ» የሚለውን።

ሁለተኛውን ማን አስገባው ብዬ ስጠይቀው «አንዳንዴ ራሱ ይደርባል» አለና መፍቻውን ከጆሮው ጀርባ አውጥቶ ማየት ጀመረ። መፍቻውን እንደ አዲስ ነገር አገላብጦ አየው።

በሳምንቱም ተደርቦ ጠበቀኝ። ከዚያም በሳምንቱ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ጥበቃ ነኝ፣ ከዚያ ነው ከንቲባ የምሆነው። እኔ የማላውቀው ፋይል ካየሁ መጠኑን ማን ያያል፣ ጥርግ። አሁን ሳስበው ግማሹ ድርብ አልነበረም። የአውቶቡስ መናኸሪያ ነበረ፣ የድንጋይ ድልድይ ነበረ፣ መብራት ያለው የኳስ ሜዳ ነበረ፤ እኔ ኖረውኝ የማያውቁ፣ ማንንም የማይነኩ ነገሮች። ስማቸው የእኔን ከመሰለ ወይም ካላማረኝ አጠፋለሁ። ከቆሻሻ መጣያውም አጠፋለሁ። መታገስ አልፈጠረብኝም።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር ነበር። ወረቀቶቼ ሁልጊዜ መሬት ወርደው አገኛቸዋለሁ። ማውሱ ደግሞ ከኪቦርዱ ግራ ይጠብቀኛል። ዶክተርን ስጠይቀው ደንበኛ ነው ይላል። የምን ደንበኛ ነው ማውስ የሚያዛውረው? አባቴን ስጠይቀው እስክሪብቶውን አናቴ ላይ መታ አድርጎ ያልፋል። ስለዚህ የራሴን ፍርድ ፈረድኩ፤ ሌባ አለ።

ያ ወንበር ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የሌላ ልጅ ነበር። አባቴ እናቴን ከማግባቱ በፊት የወለዳት፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። እናቴ ስታገባው መኖሯን ታውቃለች፤ ያስገባችው ቃል አንድ ነበር፣ ከዚያኛው ቤት ጋር መገናኘት አከተመ የሚል። እሱም ዘጠኝ ዓመት ያህል ጠብቆታል። ከዚያ አንድ ቀን ልጅቷ የትምህርት ቤት ወረቀት ልታባዛ ሱቁ ገባች፤ አድራሻውን ከማን እንዳገኘች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ማክሰኞና ሐሙስ እናቴ የምትሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል የከሰዓት ተራዋ ስለሆነ በሱቁ በኩል አታልፍም። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ሆነ። አንድም ነገር ትተሽ እንዳትሄጂ ብሏታል አባቴ። ከተማዋን ፍላሿ ላይ ገልብጣ ይዛ ትሄዳለች፣ እኛ ኮምፒውተር ላይ ከተማዋ የለም። ሞዶቹን ግን ፎልደሩ ውስጥ ትተዋቸዋለች።

ለምን አብረሽ አላጠፋሻቸውም ብዬ ትልቅ ሰው ሆነን ጠይቄያታለሁ። አሁን አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሥራ ላይ የዋለ እጇን እያሸች «የሆነ ነገሬ እንዲቀር ነዋ» አለችኝ፣ ያን ያህል ግልጽ ነገር እንዴት እጠይቃለሁ በሚል ዓይን።

እሷ ማክሰኞ ስትመጣ ነገሮቿ የሉም። ከተማዋን ስትከፍት ወንዙ ላይ ድልድይ የለም፣ አውቶቡሶቿ የሚገቡበት መናኸሪያ ባዶ መሬት ሆኗል። እንደገና ታስገባለች። በሳምንቱ የሉም። የምታጠፋው አንዲት ወረቀት ላይ የምትቀመጥ ቁንጫ መሆኗን በምን ታውቃለች? አባቷ መሰላት። በቃል አትምጪ ማለት ስለከበደው በዚህ በኩል የሚነግራት መሰላት። ብጠይቀው አዎ ቢለኝስ ብላ ፈርታ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ዝም ብላ ትመልሳቸዋለች፣ እኔ አጠፋቸዋለሁ፣ ትመልሳቸዋለች።

እኔ ግን ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ የማውቀው ሌባ መኖሩን ብቻ ነው።

ነገሩ የከረረው አንድ ቅዳሜ ጌሙ ድርቅ ሲል ኮምፒውተሩንም አብሮ ሲያደርቀው ነው። ዶክተር ሶኬቱን ነቀለ። ለካ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የአንዲት ተመራቂ ተማሪ ጽሑፍ ተከፍቶ ነበር፣ አርባ ገጽ፣ ያልተቀመጠ። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባቴ አንድም ቀን ጮኾብኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም፣ ግን ድምፁ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ሌላ አንድ ጊዜ ድርቅ ቢል ጌሙን አስጠፋዋለሁ፣ አንቺም ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር ትውያለሽ አለኝ። እኔ እኮ አይደለሁም፣ ሌባ ነው ስለው «ቁንጫ፣ በቃ» አለኝ።

አንጀቴ አረረ። ያላጠፋሁት ጥፋት፣ ደግሞም ቅዳሜዬን። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ጥግ ላይ ሆኜ ማስረጃ ስሰበስብ ዋልኩ። ዶክተር ያስተማረኝን «ቀኑን እዪ» የሚለውን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ያን ቀን ያላጠፋኋቸውን፣ ፎልደሩ ውስጥ የቀሩትን የሌባውን ፋይሎች አንድ በአንድ ከነስማቸው፣ ከነገቡበት ቀንና ሰዓት ሒሳብ ደብተሬ መጨረሻ ላይ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሆኑ። ቤት ስገባ ከግድግዳው ካላንደር ጋር አስተያየሁት። ሁሉም ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ሌላ ቀን የለም። በሁለቱም ቀን እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ተኛሁ፣ ግን እየተገላበጥኩ ነው የተኛሁት።

እሁድ ምሳ ላይ አነበብኩት። ወንበር ላይ ቆሜ፣ ደብተሩን ዘርግቼ፣ ልክ እንደ ዳኛ። እናቴ መጀመሪያ ውረጂ አለችኝ፣ ከዚያ ማክሰኞና ሐሙስ የሚለውን ስትሰማ ውረጂ ማለቱን ተወችው። ሰዓቱም ከሰዓት በኋላ ነው አልኩ። እኔ ልሆን አልችልም፣ አስተማሪዋን ጠይቁ አልኩ። ሌላም ማስረጃ አለኝ፤ ማውሱ በግራ በኩል ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ሌባው ግራኝ ነው። እናቴ ዓይኗን ወደ አባቴ እጅ መለሰች። አባቴም ግራኝ ነው፤ ማንኪያው ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። እሱን የጠረጠርኩ እንዳይመስለው ደንግጬ ቶሎ ብዬ «አንተን ማለቴ አይደለም አባዬ» አልኩት።

እናቴ ደብተሩን ተቀብላኝ አነበበችው። አሥራ አንድ መስመር ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

«ስንት ጊዜ ሆነ?» አለችው።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ልጅ ናት» አላት። «ምን አጠፋች?»

ደስታዬን አልችል አልኩ። በመጨረሻ አባቴ ለእኔ ተከራከረልኝ። ወንበሩ ላይ ሆኜ አንዴ ዘለልኩ።

«ቃልህን ሰጥተኸኝ ነበር» አለችው እናቴ።

«ሰጥቼሻለሁ። ማክሰኞ ፈተና ላይ ናት፣ ሐሙስ ትመጣለች፤ ራሴ እነግራታለሁ።»

«እኔም ባለሁበት ትነግራታለህ።»

እንግዲህ ሌባው ታውቋል ማለት ነው፣ ሴት ናት፣ ሐሙስ ትመጣለች፣ ልክ ልኳን ትሰማለች። እኔም ልምጣ ብዬ ለመንኩ። እናቴ መኖሬን ገና ያስታወሰች ይመስል አየችኝና «አዎ፣ አንቺም ትመጫለሽ። ታይሽ» አለች። ምስክር ልታደርገኝ ነው ብዬ ኮራሁ። ከፍ ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ የቤቱ ልጅ ይህች ናት ብላ ልታሳያት ነው የወሰደችኝ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ፈርታ ነበር። አባቴ በልጅቷ በኩል አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ እናቷ የሚመለስ ይመስላት ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ሳልጠይቃት፣ ምስር እየለቀመች።

ሐሙስ ተራዋን ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ ከትምህርት ቤት ወሰደችኝ። መንገዱን ሙሉ እኔ እዘላለሁ፣ እሷ ትፈጥናለች፣ እጄን እስኪያልበው ይዛዋለች። ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ አልከተትኩትም፤ ለቁም ነገር ነው የምሄደው።

ሱቁ ውስጥ ደንበኛ የለም። ዶክተር እናቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ረጅም ልጅ ተቀምጣለች። የሌላ ትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳለች፣ እጅጌው አጥሯታል። ወረቀቶቼ መሬት ላይ ናቸው። ማውሱ በግራ እጇ ነው። አባቴ ከጀርባዋ ቆሟል፤ ሊነግራት ጀምሮ ይሁን ገና ሊጀምር አላውቅም። እናቴን ሲያይ «እባክሽ፣ መጀመሪያ ጓዳ እንነጋገር» አላት። ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ዶክተር የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አስነሳ። ማሽኑ ጮኸ፣ ወረቀት መትፋት ጀመረ፤ የሚወጣው ግን ሁሉ ባዶ ነበር፣ ባዶ ወረቀት ነው የሚያባዛው።

እኔ ጊዜ የለኝም። ቀጥ ብዬ ሄጄ «አንቺ ነሽ አይደል?» አልኳት።

ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ደብተሩንም አየችው። «አንቺ ነሽ የምታጠፊው?»

«ታዲያስ። ደርበሽ ደርበሽ ታስገቢያለሽ፣ ጌሙ ድርቅ ይልብኛል።»

«እኔ እኮ እሱ መስሎኝ ነበር» አለች። ዶክተርን ማለቷ መሰለኝ። ወንበሩ ላይ ዘና ብላ ወደ ኋላ ተደገፈችና ፈገግ አለች፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው። ሌባ ሲያዝ እንዲህ ደስ ይለዋል እንዴ ብዬ ገረመኝ። ያ ደስታዋ ሁለት ደቂቃ አልቆየም፤ ጣውላው ስስ ስለሆነ ማሽኑ ሲያርፍ የጓዳው ወሬ ይሰማል። የአባቴ ድምፅ «በወር አንድ ቀን። አንድ ቀን ብቻ» ይላል። የእናቴ ድምፅ ደግሞ አንድ ቀን ሁለት ይሆናል፣ ሁለት አራት ይሆናል ይላል።

ደሜ ፈላ። እኔ ሌባ ሊቀጡ ገቡ ስል እነሱ ቅዳሜዬን እየቆረጡት ነው። በወር አንድ ቀን! አባቴ እየለመነ እናቴ እየከለከለች፣ ያችን አንዷንም ሊነሱኝ ነው። በእኔ ልብ ውስጥ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረም። ሹራቧን ጎተትኩና በሹክሹክታ አስረዳኋት። ትሰሚያለሽ? ጌሙን ሊያጠፉት ነው የሚመካከሩት። ከመውጣታቸው በፊት ካስተካከልነው ምክንያት ያጣሉ። ያንቺን አጥፊ፣ ሁሉንም፣ አሁኑኑ። እኔ ዝርዝሩ አለኝ።

እሷ የምታየው እኔን አልነበረም፣ ጣውላውን ነው። ከዚያ አባቴ «እሺ» አለ፣ በቀስታ። «እሺ፤ ይብቃ።»

«ወሰኑ እኮ፣ ቶሎ በይ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ እሷም። ወደ ስክሪኑ ዞራ ፎልደሩን ከፈተች። «አንብቢልኝ።»

እኔ ከደብተሬ አነባለሁ፣ እሷ ታጠፋለች። መናኸሪያውን አልኩ፣ አጠፋችው። ድልድዩን አልኩ። እዚያ ላይ እጇ ትንሽ ቆመ፤ ያን ድልድይ ሰባት ጊዜ መልሳ እንዳስገባችው የሰማሁት ኋላ ነው። አጠፋችው። ሜዳውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የባቡር ሐዲዱን። እኔ እግሬ አላርፍ ብሎኝ ከመጠረዣው እስከ ወንበሩ እመላለሳለሁ፣ ጓዳውን አያለሁ፣ ቶሎ በይ እላለሁ። እዚህ ላይ የማልደብቀው ነገር አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አባቷን ያየችው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው፣ ሆስፒታል፣ ምላሱ ተይዞ። እጁን ይዛ ተቀምጣለች፤ አውቋት ይሁን አላወቃት ማረጋገጥ አልቻለችም። እኔ ከክፍሉ ስትወጣ ኮሪደር ላይ ተላለፍኳትና ነርስ መሰለችኝ።

መጨረሻ ላይ ዛፉ ቀረ። ሁለት ናቸው፣ መጠናቸው እስከ መጨረሻዋ ቁጥር እኩል። የእኔን አውቀዋለሁና ያንቺ ያኛው ነው አልኳት። እሷ ግን ፍላሿ ላይ ያለውን ዋናውን ከፍታ ቀኑን አሳየችኝ። የእሷ ይቀድማል፤ ዶክተር የእኔን በፍላሽ ከማምጣቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው እሷ ጋ የገባው። ያን ሁሉ ጊዜ በእኔ ላይ ተደረበ ስል የተደረበው የእኔ ነበር። መጀመሪያ የገባው ነው ወይስ ኋላ የገባው የሚቀረው ብላ ጠየቀችኝ። ዶክተር ስለዚህ ያለኝ ነገር ትዝ ሊለኝ አልቻለም። እኔ እንጃ አልኩ፤ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

«ያንቺ ይቅር» አለችና የራሷን አጠፋች።

ጌሙን ከፈትነው። መጫኛው መስመር ሩብ ሄደ፣ ግማሽ ሄደ፣ ሁልጊዜ የሚቆምባትን ቦታ አለፋት፣ ሞላ። ከተማዬ ተከፈተ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ። እኔ ስዘል እሷ ፍላሿን ነቅላ ኪሷ ከተተች፣ ቦርሳዋን አነገተች። ወንበሩን ለቀቀችልኝ፣ ዘልዬ ተቀመጥኩበት።

የጓዳው በር ተከፈተ። አባቴ ወደ እሷ ሄደና ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ሊላት ሲጀምር ራሷን ነቀነቀች፣ ሰምቻለሁ እንደማለት። ለእናቴ ዝቅ ብላ «ደህና ይዋሉ» አለቻት። እናቴ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ልጅቷ ወጣች። አባቴ በሩ ድረስ ተከትሏት ደፉ ላይ ቆመ፤ ዶክተር ማሽኑን አጠፋው።

ለምን ሁሉም በሩን እንደሚያይ አልገባኝም። የሚታየው እዚህ ነው።

«አባዬ፣ ና እየው፣ ተስተካከለ» አልኩት።

ወዲያው አልመጣም። ደግሜ ጠራሁት። ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ የጓዳው አቧራ ነው አልኩ። ከጀርባዬ ቆሞ ከተማዬን አየው። ከዚያ ፎልደሩን ክፈቺልኝ አለኝ፤ አባቴ ፎልደሩን አሳዪኝ ብሎኝ አያውቅም። ከፈትኩለት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ሄደ።

«የእሷስ?» አለኝ።

«ሁሉንም አጥፍተነዋል» አልኩት። «ከቆሻሻ መጣያውም ጭምር። አንድም አልቀረም።»

እጁን አናቴ ላይ አደረገ። «ጎበዝ» አለኝ። እኔም ደስ እያለኝ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ተጫወትኩ።